ኤቲቪያችሁ ሪኮል እንዳለበት ማጣራትና በነጻ ማስጠገን፦ ደረጃ በደረጃ

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ ኤቲቪ (ከመንገድ ውጭ የሚነዳ ባለ አራት ጎማ ሞተር) ወይም ሳይድ ባይ ሳይድ (ሰዎች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት) ላላችሁ፣ በተለይም ያገለገለውን ከሰው እጅ ለገዛችሁ ነው። ብዙ ሰው ሪኮሉን የሚያጣራው እንደ መኪና ነው። የሻንሲ ቁጥሩን የመኪና ሪኮል በሚታይበት ድረ ገጽ ላይ ያስገባል፣ ምንም እንዳልተገኘ ያነብባል፣ ቁልፉን አንስቶ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። ያ ድረ ገጽ ግን የኤቲቪ ጉዳይ አይመለከተውም። ስለዚህ «ምንም አልተገኘም» ማለት «ምንም የለበትም» ማለት አይደለም።

ሪኮል አምራቹ በሠራው ማሽን ላይ አደገኛ ጉድለት ሲገኝ «መንዳት አቁሙ፣ አምጡትና በነጻ ይስተካከላል» ብሎ የሚያወጣው ጥሪ ነው። ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ደብዳቤው የሚሄደው ወደ መጀመሪያው ባለቤት ነው። እናንተ ካልፈለጋችሁት ማንም አይነግራችሁም።

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አዘጋጁ፦ የእጅ ባትሪ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ካሜራ ያለው ስልክ፣ የማሽኑ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) ወይም የምዝገባ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ወረቀት።

## ደረጃ 1፦ ቁልፉን ንቀሉ

ማጣራቱ እስኪያልቅ ማንም አይንዳው። ቁልፉን አውጡና ልጆች የማያገኙት ቦታ አስቀምጡ።

«ሁለት ዓመት ነድቼዋለሁ፣ ምንም አላለኝም» የሚል ሰው አይጠፋም። ሪኮል የሚወጣባቸው ጉድለቶች አብዛኛውን ጊዜ በአነዳድ አይታወቁም። ማርሚታው አጠገብ የሚያልፍ የቤንዚን ቱቦ በሙቀት እየተሰነጠቀ መሆኑን ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አይሰማውም። የፍሬን ወይም የመሪ ክፍልም እስኪለቅ ድረስ እንደ ጤነኛ ነው የሚሠራው።

## ደረጃ 2፦ የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ አንብቡ

ወረቀት ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ፤ አንድ ፊደል ተሳስቶ ከተገለበጠ ፍለጋው ሁሉ ከንቱ ነው። ቁጥሩ ሻንሲው ላይ የተቀረጸ ሲሆን በአብዛኞቹ ማሽኖች 17 ፊደልና አሃዝ አለው። መጀመሪያ የፊተኛውን ግራ ጎማ ፓራፋንጎ ሥር ተመልከቱ። ከሌለ ከፊት ባለው የሻንሲ ቧንቧ ላይ፣ ከዚያም እግር ማሳረፊያው አካባቢ ፈልጉ። አሁንም ካጣችሁት የተጠቃሚ መመሪያ መጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ቦታው በሥዕል አለ።

1. ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ አለስልሱና ጥረጉ። በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት። ቀለሙ ሲነሣ ቁጥሩም ይደበዝዛል፣ በኋላም ሆን ተብሎ የተፋቀ ይመስላል።
2. የእጅ ባትሪውን ፊት ለፊት አታብሩት፤ ከጎን አብሩት። ብርሃኑ በአግድም ሲመጣ የተቀረጸው ጥላ ይሠራና ቁጥሩ ይወጣል።
3. በስልክ ፎቶ አንሡና አጉልታችሁ አንብቡ። እየጮኻችሁ ለሌላ ሰው አታስጽፉ።
4. ‹አይ›፣ ‹ኦ› እና ‹ኪው› የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት በሻንሲ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ‹አይ› የሚመስላችሁ 1 ነው፣ ‹ኦ› የሚመስላችሁ 0 ነው።
5. አሥረኛውን ቦታ ቁጠሩ። የሞዴል ዓመቱ እሱ ነው፦ ‹ዲ› 2013፣ ‹ኢ› 2014፣ ‹ኤፍ› 2015፣ ‹ጂ› 2016፣ ‹ኤች› 2017፣ ‹ጄ› 2018፣ ‹ኬ› 2019፣ ‹ኤል› 2020፣ ‹ኤም› 2021፣ ‹ኤን› 2022፣ ‹ፒ› 2023፣ ‹አር› 2024።

የሞዴል ዓመትና የተሸጠበት ዓመት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። በ2015 የተገዛ ማሽን የ2016 ሞዴል ሊሆን ይችላል። ሪኮሉ የሚቆጥረው ሞዴሉን ነው፤ ስለዚህ «በ2015 ነው የገዛሁት» ብላችሁ የ2016ን ማስታወቂያ አትለፉ።

ቁጥሩ ችግር ካለበት። የሞተሩ ብሎክ ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ነው፤ ለሪኮል ፍለጋ አይሆንም። የሻንሲ ቁጥሩ የተፋቀ፣ በላዩ የተበየደ ወይም ከታይትሉ ጋር የማይገጥም ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከሪኮል ወጥቷል፤ ማሽኑ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ገና ካልከፈላችሁ ተዉት። ከከፈላችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ፤ ፖሊስ ጋ ሄዳችሁ አስመርምሩ።

## ደረጃ 3፦ ትክክለኛው ቦታ ላይ ፈልጉ

የመኪናና የመንገድ ሞተር ብስክሌት ሪኮል የሚታየው በብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ነው። ኤቲቪና ሳይድ ባይ ሳይድ ከመንገድ ውጭ የሚነዱ ስለሆኑ ኃላፊነቱ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን፣ በአጭሩ ሲፒኤስሲ ነው፤ የሕፃን አልጋና የኤሌክትሪክ ምድጃ ሪኮል የሚያወጣው ያው መሥሪያ ቤት። ለመኪና ግዢ የሚታተመው የታሪክ ሪፖርትም ይህን ፍለጋ አይተካም።

ፍለጋው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሀ. በኮሚሽኑ ገጽ። ሲፒኤስሲ ዶት ጎቭ ግቡና የሪኮል ዝርዝሩን ክፈቱ። የሻንሲ ቁጥር የሚገባበት ሳጥን እዚህ የለም፤ የምትፈልጉት በስም ነው።

1. መጀመሪያ የአምራቹን ስም ብቻ ጻፉ፦ ፖላሪስ፣ ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ካዋሳኪ፣ ካን አም፣ ሲኤፍሞቶ፣ ወይም የእናንተ የሆነውን።
2. ቀጥሎ የሞዴሉን ስም ብቻ ጻፉ፦ ስፖርትስማን፣ ሬንጀር፣ እንዲህ እንዲህ።
3. ዓመቱን አትጻፉ። ማስታወቂያው «ከ2013 እስከ 2016» ብሎ ከጻፈ «2014» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።
4. የወጣውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ገጽ ውረዱ። አንድ ሞዴል በተለያየ ዓመት፣ በተለያየ ጉድለት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊጠራ ይችላል። አንዱን አግኝታችሁ አትቁሙ።

ለ. በአምራቹ ገጽ። ትልልቆቹ አምራቾች በራሳቸው ድረ ገጽ የሻንሲ ቁጥር ማስገቢያ አላቸው። 17ቱንም አስገቡ። መልሱን በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ቀኑ እንዲታይ አድርጉ። ጥሪው አለ፣ ጥገናው ግን አልተሠራም የሚል ከመጣ ቀጥሉ። «ተጠናቋል» የሚል ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አስጠግኖታል ማለት ነው፤ ቢሆንም ደረጃ 7ን ሳታነቡ አትንዱ።

ኢንተርኔቱ ካልተመቻችሁ። የዚያን ብራንድ ዲለር ደውላችሁ የሻንሲ ቁጥሩን ስጡና «ይህ ማሽን ኦፕን ሪኮል (ገና ያልተጠገነ ጥሪ) አለው ወይ?» በሉ። ከዲለሩ መግዛት አይጠበቅባችሁም። የኮሚሽኑ ስልክ 800-638-2772 ነው። ማስታወቂያዎቹ በእንግሊዝኛ ስለሚወጡ፣ እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው አባትና እናት ካላችሁ አጠገባቸው ሆናችሁ ደውሉላቸው። የሻንሲ ቁጥር በስልክ ሲነበብ ‹ቢ›፣ ‹ዲ› እና ‹ፒ› በቀላሉ ይምታታሉ።

ምንም ካልተገኘ። የአምራቹን ስም አጻጻፍ ከማሽኑ ላይ ካለው የአምራች ተለጣፊ ጋር አመሳክሩ። ርካሽ የልጆች ኤቲቪዎች ላይ የሚለጠፈው ስም የሻጩ ወይም የአስመጪው ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛው አምራች በትንሽ ፊደል ተለጣፊው ላይ ነው የሚገኘው። በሁለቱም ስም ፈልጉ። ካናዳ ያላችሁ ደግሞ የምትፈልጉት በትራንስፖርት ካናዳ ዝርዝር ነው፤ የአሜሪካው ለእናንተ አይሆንም።

## ደረጃ 4፦ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች አንብቡ

የሲፒኤስሲ ማስታወቂያዎች ሁሉም አንድ ዓይነት አቀማመጥ አላቸው። እነዚህን ክፍሎች በወረቀት ጻፉ፦

- አደጋው። ምን እንደሚበላሽና ምን እንደሚያደርስ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ማሽኑን እንዴት እንደምታቆዩና እንደምታጓጉዙ የሚወስነው ይህ ነው።
- መፍትሔው። ጥገና፣ ቅያሪ ወይም ገንዘብ መመለስ። ለኤቲቪ ብዙውን ጊዜ ጥገና ነው።
- መግለጫው። የሞዴል ስም፣ የሞዴል ዓመት፣ ቀለም፣ አንዳንዴም የሻንሲ ቁጥሩ ከየት እስከ የት እንደሆነ።
- የሪኮል ቁጥርና ቀን። ዲለሩ ጋ ስትደውሉ የምትጠሩት እሱን ነው።
- የአምራቹ ስልክ። ዲለሩ እምቢ ሲል የምትደውሉበት።

«አደጋ አልተመዘገበም» የሚል መስመር ስታዩ አትዘናጉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለኩባንያው የደረሰ ሪፖርት የለም ማለት ብቻ ነው።

በዚህ ጉዳይ አንድ ማስታወቂያ ማወቅ ያለባችሁ የፖላሪስን ነው። በሚያዝያ 2016 ኩባንያው ወደ 133,000 የሚጠጉ የ2013 እስከ 2016 ሞዴል አርዜድአር 900 እና 1000 ሳይድ ባይ ሳይዶችን ጠራ። ምክንያቱ እየተነዱ እሳት መያዛቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ከ160 በላይ የእሳት ሪፖርት ደርሶ ነበር፤ 19 ሰው ተጎድቷል፣ ተገልብጦ በተቃጠለ ማሽን ውስጥ የነበረች የ15 ዓመት ተሳፋሪ ሞታለች። ብዙዎች ዲለር ወስደው አስጠገኑ። በታኅሣሥ 2017 ግን ኮሚሽኑና ኩባንያው በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ተጠግነው የወጡ ማሽኖችም እሳት እየያዙ እንደሆነ ተናገሩ። በሚያዝያ 2018 ፖላሪስ ጉድለቱን በጊዜው ባለማሳወቁ ለቀረበበት ክስ 27.25 ሚሊዮን ዶላር የፍትሐ ብሔር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። ወራቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«በሪኮል ተጠግኗል» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው ሰምታችሁ ፍለጋውን የማትተዉት ለዚህ ነው። ጥገናው የተደረገው መቼና በየትኛው ሪኮል ቁጥር እንደሆነ ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ጥሪ መኖሩን ራሳችሁ አጣሩ።

«ሪኮል» ሳይሆን «ማስጠንቀቂያ» የሚል ካገኛችሁ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አምራቹ ወይም ሻጩ አልተባበርም ሲል ወይም ሊገኝ ሲያቅት ኮሚሽኑ ራሱ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። በመስመር ላይ የሚሸጡ ርካሽ የልጆች ኤቲቪዎች ላይ ይህ ይበዛል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ነጻ ጥገና የሚሰጥ የለም። መጠቀም አቁሙ፣ ማስጠንቀቂያው ስለ አወጋገድ የሚለውን ፈጽሙ፣ ለሌላ ልጅ አትስጡ። በካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ባንካችሁንና የሸጠላችሁን ድረ ገጽ ገንዘባችሁን ጠይቁ።

## ደረጃ 5፦ እስኪጠገን በደህና አቆዩት

ዕቃው እስኪመጣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ማሽኑ የሚቆይበት ሁኔታ እንደ ጉድለቱ ይለያያል።

ቤንዚን መፍሰስ ወይም እሳት ከሆነ። ከቤት ጋር ከተያያዘ ጋራዥ አውጡት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ሄዶ የውኃ ማሞቂያው እሳት ጋ ይደርሳል። ውጭ፣ ከቤቱና ከመኪናው ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ባትሪውን ፍቱ፦ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ቀዩን። ስትመልሱ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ቤንዚኑን በጎማ ቱቦ በአፍ ስባችሁ ለማውጣት አትሞክሩ።

ጋዙ (ማፍጠኛው) ተከፍቶ የሚቀር ከሆነ። ማስነሣት ራሱ አደገኛ ነው። ጎረቤት ወይም ልጅ «እስቲ ልሞክረው» እንዳይል ቁልፉ እናንተ ጋ ይሁን።

ፍሬን፣ መሪ ወይም ጎማ ከሆነ። ቁልቁለት ላይ አታቁሙት። ጎማዎቹን በእንጨት ወይም በድንጋይ ደግፉ።

እየነዳችሁ ሳለ ጋዙ ከተያዘባችሁ። ይህን አሁን፣ ማሽኑ ቆሞ ሳለ ተለማመዱት። በአብዛኞቹ ኤቲቪዎች የግራ እጀታው ላይ ቀይ የሞተር ማጥፊያ አለ። ዓይናችሁን ሳታዞሩ በአውራ ጣት እስክታገኙት ድረስ ደጋግማችሁ ፈልጉት። ሲያጋጥም ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቀዩን ማጥፊያ ተጫኑ፣ ፍሬን ያዙ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ እስኪቆም ጠብቁ። አትዝለሉ። ማጥፊያው ካልሠራ ቁልፉን አዙሩ።

## ደረጃ 6፦ ቀጠሮ ያዙና አጓጉዙት

ስትደውሉ እነዚህን በቅደም ተከተል ጠይቁ፣ መልሱንም የተናገረውን ሰው ስምና ሰዓቱን ጨምራችሁ ጻፉ፦

1. በዚህ የሻንሲ ቁጥር ስንት ኦፕን ሪኮል አለ? ሁሉም በአንድ ቀጠሮ ይሠራል?
2. ዕቃው አሁን አለ ወይስ ይታዘዛል? ከታዘዘ መቼ ይመጣል?
3. ማሽኑን አምራቹ ያስመጣዋል ወይስ እኔ አመጣለሁ? (ለአንዳንድ ሪኮሎች አምራቹ ማጓጓዣ ይሸፍናል፤ ካልጠየቃችሁ ግን አይነግሯችሁም።)
4. ለሪኮሉ ሥራ የምከፍለው አለ?

የአራተኛው መልስ «የለም» መሆን አለበት። «የምርመራ ክፍያ አለ» ካሉ «ይህ ለሪኮሉ ነው ወይስ ለሌላ ሥራ?» ብላችሁ አስለዩ። የፍሬን ሸራ ማለቁን አይተው ልቀይር ቢሉ ያ የእናንተ ወጪ ነው፤ እሱን እምቢ ማለት ትችላላችሁ፤ ሪኮሉን ግን በእሱ ሰበብ ሊከለክሏችሁ አይገባም። «ከእኛ አልገዛችሁትም» ቢሏችሁ ጥሪው የወጣው በማሽኑ ላይ እንጂ በገዢው ላይ እንዳልሆነ ንገሯቸው። አልሰማ ካሉ አትከራከሩ። ማስታወቂያው ላይ ያለውን የአምራቹን ስልክ ደውሉ፣ የጉዳይ ቁጥር ተቀበሉ፣ ሌላ ዲለር እንዲመድቡላችሁ ጠይቁ።

ወደ ዲለሩ ነድታችሁ አትሂዱ። «ቅርብ ነው» የሚለው ምክንያት አይሆንም።

ትሬለር ላይ ስትጭኑ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እዚህ ነው። የተለመደው አጫጫን ማሽኑ ላይ ተቀምጦ በመወጣጫው መንዳት ነው። ሪኮሉ የፍሬን፣ የመሪ ወይም የጋዝ ከሆነ ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። የሥራ ኤቲቪ ከ300 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ሳይድ ባይ ሳይድ ደግሞ ከ600 በላይ፤ መወጣጫው ላይ ወደ ኋላ ሲገለበጥ የሚያርፈው ነጂው ላይ ነው።

1. ትሬለሩን ደልዳላ ቦታ ላይ ከመኪናው ጋር አያይዛችሁ አቁሙ፤ የመኪናውን የእጅ ፍሬን ያዙ።
2. መወጣጫውን ትሬለሩ ላይ በሰንሰለት ወይም በቀበቶ እሰሩ። ካልታሰረ ጎማው ሲገፋው ይንሸራተታል።
3. ማርሹን ዜሮ አድርጉና በዊንች (ገመድ እየጠቀለለ በሚስብ መሣሪያ) ሳቡት። ከማሽኑ ኋላ ማንም አይቁም።
4. ዊንች ከሌላችሁ ተጎታች ጥሩ ወይም ዲለሩ እንዲወስደው ጠይቁ።
5. በአራት ማዕዘን በጠንካራ ቀበቶ እሰሩ። ቀበቶው ሻንሲውን ይያዝ እንጂ የዕቃ መጫኛውን ወይም ፕላስቲኩን አይደለም። ማርሹን አስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ።
6. ካርቡራተር ያለው አሮጌ ማሽን ከሆነ የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉ። አለበለዚያ መንገድ ላይ ሲናወጥ ይፈስሳል።
7. ጥቂት ከተጓዛችሁ በኋላ ቆማችሁ ቀበቶዎቹን እንደገና አጥብቁ። መጀመሪያ ላይ ጠብቆ የነበረው ሾክ ሲረግብ ይላላል።

ማሽኑ ላይ ያስገባችሁት ተጨማሪ ዕቃ ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ማርሚታ፣ የሞተር ኮምፒውተር ፕሮግራም ወይም የፊት መከላከያ ተቀይሮ ከሆነ ዲለሩ የመጀመሪያውን ዕቃ መልሱ ሊል ይችላል። የድሮውን ዕቃ ከነብሎኑ ይዛችሁ ብትሄዱ ሁለት ጊዜ ከመመላለስ ያድናችኋል።

## ደረጃ 7፦ ሳትፈትሹ አትረከቡ

በመጀመሪያ ወረቀቱን። የሥራ ትዕዛዙ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የሪኮል ቁጥሩ፣ የተቀየረው ዕቃ እና ቀኑ መኖር አለባቸው። «ተፈትሿል፣ ደህና ነው» የሚል ብቻ ከሆነ ምን እንደተፈተሸና ዕቃ ለምን እንዳልተቀየረ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱን ከታይትሉ ጋር አኑሩ።

ቀጥሎ ማሽኑን፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፦

1. መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙሩ፣ ጋዙን በአውራ ጣት ሙሉ በሙሉ ግፉና ልቀቁ። ‹ጣ› ብሎ በራሱ መመለስ አለበት። ከዚያ መሪውን መካከል፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አድርጋችሁ ይህንኑ ድገሙ። አንድ ወገን ብቻ ላይ የሚዘገይ ከሆነ ሽቦው መሪው ሥር ተይዟል ማለት ነው፤ ቀጥ ባለ መሪ ብቻ የሞከረ ሰው አያገኘውም።
2. የፊትና የኋላ ፍሬኑን ለየብቻ ያዙና ማሽኑን ለመግፋት ሞክሩ። እጀታው እስከ መሪው ድረስ የሚገባ ከሆነ አትቀበሉ።
3. የፊት ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ሲወዛወዝ ወይም ሲንቋቋ ከተሰማ መካኒኩን ጥሩ።
4. ከሥሩ ነጭ ካርቶን አንጥፉና ሞተሩን አስነሥታችሁ ጥቂት አቆዩት። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ካርቶኑ ከረጠበ አጥፉ።

የመጀመሪያው ጉዞ ክፍት ሜዳ ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ ሄልሜት ተደርጎ፣ ብቻችሁን ይሁን። ከቀናት በኋላ የሻንሲ ቁጥሩን በአምራቹ ገጽ ላይ እንደገና አስገቡ። አሁንም «አልተሠራም» የሚል ከሆነ ዲለሩ ሥራውን ለአምራቹ አላስመዘገበም፤ ደውላችሁ አስመዝግቡ። ካልተመዘገበ ለወደፊት ለምትሸጡለት ሰው ማስረዳት ይቸግራችኋል።

ያው ጉድለት ከተመለሰ እንደገና አቁሙት፣ አምራቹን ደውሉ፣ ቀጥሎ ያለውን ደረጃም ፈጽሙ።

## ደረጃ 8፦ ሪኮል ሳይኖር ጉድለት ካገኛችሁ ሪፖርት አድርጉ

ፍሬኑ እምቢ ብሏል፣ ሪኮል ግን የለም እንበል። ሪኮል የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ሪፖርት ነው፤ ባለቤቶች ዕቃውን ቀይረው ዝም ካሉ ማንም ጉድለቱን አይደርስበትም።

1. የተሰበረውን ዕቃ አትጣሉ፣ አታጽዱትም። በፕላስቲክ ከረጢት አድርጉና ቀን ጻፉበት።
2. ዕቃው ከመነቀሉ በፊት ከነቦታው፣ ከተነቀለ በኋላም ለብቻው ፎቶ አንሡ። የተነዳበት ኪሎ ሜትር ወይም ሰዓት የሚታይበትን ሰሌዳም ጨምሩ።
3. ሴፈርፕሮዳክትስ ዶት ጎቭ ላይ ሪፖርት ሙሉ። የሻንሲ ቁጥር፣ ቀን፣ ምን እንደሆነ፣ የተጎዳ ሰው መኖሩን ጻፉ። «መሪው አስቸገረኝ» ከማለት «ወደ ግራ ስጠመዝዝ የቀኙ ጎማ አብሮ አልዞረም» ማለት ይሻላል።

ኮሚሽኑ ሪፖርቱን ለአምራቹ ያስተላልፋል። ስማችሁ ለአምራቹ የሚሰጠው ከፈቀዳችሁ ብቻ ነው፤ ለሕዝብ በሚታየው ገጽ ላይም አይወጣም።

## ደረጃ 9፦ ስትገዙና ስትሸጡ

ስትገዙ። የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ሻጩ ከመሄዳችሁ በፊት እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ ፍለጋውን ቤት ሆናችሁ ጨርሱ። ቁጥሩን አልልክም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ እሱ አትሂዱ። ያልተሠራ ሪኮል ካለ ሻጩ አስጠግኖ ይምጣ፤ «በነጻ ነውና አንተ አስጠግነው» ቢል፣ ማሽኑን መጫንና ማመላለስ የእናንተ ሸክም እንደሚሆን አትርሱ።

ከገዛችሁ በኋላ አምራቹ ጋ ደውላችሁ ባለቤትነቱን በስማችሁ አስቀይሩ። የስቴቱ ታይትል መቀየር ለዚህ አይበቃም፤ የአምራቹ መዝገብ ሌላ ነው። የሚቀጥለው ደብዳቤ እናንተ ጋ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። የኮሚሽኑ ገጽ ላይም ኢሜይላችሁን አስመዝግቡ።

ስትሸጡ። በ2008 የወጣው የሸማቾች ምርት ደህንነት ማሻሻያ ሕግ ሪኮል ላይ ያለ ምርትን ሳያስተካክሉ መሸጥን ይከለክላል። «እንዳለ ነው የምሸጠው» ብሎ ወረቀት ማስፈረም ክልከላውን አያነሣውም። በነጻ መስጠትም አደጋውን ወደ ወንድማችሁ ግቢ ማዛወር ነው።

ወደ አገር ቤት ልትልኩት ካሰባችሁ ኮንቴይነር ውስጥ ከመግባቱ በፊት አስጠግኑት። በሲፒኤስሲ በኩል የወጣው ጥሪ የሚፈጸመው እዚሁ ባሉ የአምራቹ ዲለሮች ነው፤ ቤተሰብ እርሻ ላይ ሲደርስ ያንን ዕቃ በነጻ የሚገጥምላችሁ ሰው ለማግኘት ትቸገራላችሁ። የሥራ ትዕዛዙን ቅጂ ከጉምሩክ ወረቀቶቹ ጋር አድርጉ።